የፓምፕ ጠጋኙ ልጅ

ሆሳዕና ሀብቴን ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ሂሳብ አስተምሬያታለሁ። በሆሳዕና እሑድ ስለተወለደች ነው ስሙ የወጣላት። ልጅ ሆና በቡታጅራ መናኸሪያ ስታልፍ፣ ረዳቶቹ ወደ ሆሳዕና ከተማ የሚሄድ ተሳፋሪ ሲጣሩ እሷን የሚጠሯት እየመሰላት ዞር ትል ነበር። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። የቀረውን ሳትስቅ ነገረችኝ፤ እሱንም በአንድ ቀን አልጨረሰችውም። አንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ዓይነት አድርጋ ነገረችኝ። የትኛው ትክክል እንደሆነ ስጠይቃት «በጊዜው ሁለቱም ትክክል ነበሩ» አለችኝ።

አባቷ ጋሽ ሀብቴ የውሃ ፓምፕ ይጠግናሉ። ከቤታቸው አጥር ጋር የተያያዘች፣ በሯ ወደ መንገድ የሚከፈት የቆርቆሮ ክፍል አለቻቸው። ደንበኞቻቸው በአብዛኛው በአቅራቢያው ካለችው ከቆሼ ከተማ በኩል የሚመጡ፣ በርበሬና ቲማቲም በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች ናቸው። በወጣትነታቸው የሠራዊቱ መካኒክ ነበሩ፤ የባድመው ጦርነት ሲያበቃ ተቀንሰው ወደ ቡታጅራ መጡና እትዬ ፋንቱን አገቡ። እትዬ ፋንቱ ገበያ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። መጀመሪያ አቤኔዘርን ወለዱ፣ በሁለት ዓመቱ ደግሞ ሆሳዕናን።

አቤኔዘር በ2011 ዓ.ም. ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሄዶ ለውትድርና ተመዘገበ። ለቤተሰቡ የተናገረው ከተመዘገበ በኋላ ነው። እናቱ አለቀሱ። አባቱ ሳምንት ሙሉ አላናገሩትም፤ በስምንተኛው ቀን «ከሄድክ አይቀር ሙያ ተማርበት» ብለው መናኸሪያ ድረስ ሻንጣውን ተሸክመው ሸኙት። ልጁ ወደ ሰሜን ተመደበ። እሑድ እሑድ ከጸሎት ቤት ሲመለሱ ይደውላል፤ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ለሆሳዕና የሚደርሳት ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ እሱ ለመሄድ ሲቸኩል ስለነበር «አንቺ ደግሞ ደህና ነሽ?» ከማለት ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

በ2013 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ሲጀመር እሑዱ ጸጥ አለ።

ሆሳዕና በዚያን ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት እየጠበቀች ነበር። ውጤቱ መጣ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልነበረም። ግን ቤት ውስጥ ማንም ስለ ውጤቱ አልጠየቃትም፤ እሷም ማዘን ይገባት አይገባት አላወቀችም። እናቷ አንድ ሳምንት ራዲዮኑን ከጠዋት እስከ ማታ ይከፍቱታል። በሚቀጥለው ሳምንት «ማንም እንዳይነካው» ብለው በጨርቅ ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ ያስገቡታል። ከሦስት ቀን በኋላ ራሳቸው ያወጡታል። የአቤኔዘርን አንሶላ በየአሥራ አምስት ቀኑ ያጥባሉ፤ ማንም ያልተኛበትን አንሶላ። ስለ እሱ ሲያወሩ «ጎመን በአይብ ይወድ ነበር» ይሉና ደንገጥ ብለው «ይወዳል» ብለው ያርሙታል። ሆሳዕና እናቷ በአፋቸው የትኛውን እንደሚሉ ለማወቅ ጆሮዋን አቁማ መስማት ጀመረች። «ይወዳል» ያሉበት ቀን ደህና ቀን ነው።

ጋሽ ሀብቴ ዓመቱን ሙሉ ሥራቸውን ሠሩ። ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣ ካቻቢቴና ፒንሳ ታቀብላለች፣ የተፈታውን ብሎን በጣሳ ውስጥ በቤንዚን ታጥባለች። ብዙ አያወሩም። በ2014 ኅዳር ግን የቀድሞ ወታደሮች እንዲመለሱ ጥሪ ሲደረግ ጋሽ ሀብቴ ሄደው ተመዘገቡ። ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

ለምን እንደሚሄዱ ለሦስት ሰው ሦስት ዓይነት አድርገው ተናገሩ። ጸሎት ቤት ውስጥ ቆመው «አገር ጠርታኛለች፤ ጸልዩልኝ» አሉ። ለጎረቤታቸው ለከድጄ፣ ሆሳዕና እየሰማች፣ «ጋራዥ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡኝ፤ ለመኪና ጥገና ነው» አሉ። በሚሄዱበት ጠዋት ደግሞ ሆሳዕናን ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ጠርተው በሩን ገርበብ አደረጉና «ወንድምሽን ልፈልገው ነው የምሄደው» አሏት። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ተስፋ አድርጋ ሳይሆን ቢቀር አትችለውም። ማንም ስለ እሱ ቢደውልልሽ መጀመሪያ ለእኔ ነው የምትነግሪው።» በሩ ላይ በተሰቀለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ቁጥሩ የተጻፈውን የሥራ ስልክ ሰጧት፤ እሳቸው ሌላ ይዘው ሄዱ።

«ፓምፖቹስ?» አለች።

«ያለቁትን ስጪ። ያላለቁትን መልሺ።»

ስለዚህ ቤት ውስጥ እናትና ልጅ ቀሩ። ሆሳዕና አባቷ የትኛውን ምክንያት ለራሳቸው እንደሚያምኑ ብዙ አሰበችበት። አንዳንዴ ሦስቱም እውነት ይመስላታል፣ አንዳንዴ ሦስቱም ውሸት።

ከሄዱ በሁለተኛው ሳምንት አብዱልሃፊዝ የሚባል የቆሼ ገበሬ ፓምፑን ባጃጅ ላይ ጭኖ መጣ። ቲማቲሙ አብቦ ነበር፤ ውሃ ካላገኘ በሳምንት ውስጥ ያልቅለታል።

«አባትሽ መቼ ይመጣል?»

«አላውቅም።»

«ሌላ ሰው አልተካም?»

«አልተካም።»

ሰውዬው ፓምፑን አየ፣ እሷን አየ፣ መንገዱን አየ። «እንግዲህ ቢስሚላህ ብለሽ ክፈቺው» አላት። ከፈተችው። የሞተሩ ካንዴላ ጥቀርሻ ለብሶ ነበር፤ ውስጥ ያለው ጎማ ተበልቷል። አባቷ ሲያደርጉት ያየችውን ሁሉ በቅደም ተከተል አደረገች፤ ሞተሩ ሲነሳ ከገበሬው ይልቅ የደነገጠችው እሷ ነበረች። ከዚያ በኋላ «ያላለቁትን መልሺ» የተባለውን ትእዛዝ ረሳችው ልበል፣ ወይስ ጣሰችው፣ እሷም አታውቀውም። በየካቲት ወር የቆርቆሮዋ ክፍል በር ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነበር። እጇ ጠቆረ። እናቷ «ሴት ልጅ ጥፍሯን እንዲህ ታደርጋለች?» ብለው ይቆጣሉ፤ ወዲያው ደግሞ ሙቅ ውሃና ሳሙና ያመጡላታል።

እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት ውስጥ ወንጌላዊው «ልጆቻቸው ግንባር ያሉ ወደ ፊት ይምጡ» ይላሉ። እናትና ልጅ ይወጣሉ። ቀጥለው «ሐዘን የደረሰባቸውም ይምጡ» ይላሉ። ያኔ ሆሳዕና ከቆመችበት መንቀሳቀስ ይኑርባት አይኑርባት ግራ ይገባታል። ስትጸልይም «ጠብቀው» ማለት ትጀምርና፣ የሞተ ሰው ጠብቀው አይባልም ብላ ታቆማለች። «ነፍሱን» ማለት ደግሞ መግደል መሰላት። በመጨረሻ ስሙን ብቻ እየጠራች ዝም ማለት ለመደች።

በሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ የሰሌዳው ስልክ ጮኸ። ደንበኛ መስሏት አነሳችው።

«አቤኔዘር ሀብቴ የሚባል ልጅ አላችሁ?» አለ የወንድ ድምፅ።

«አዎ።»

«አብረን ነበርን። ደህና ነው። ተማርኮ ነው ያለው። እግሩን ትንሽ…» ስልኩ ተቋረጠ። መልሳ ደወለች፣ አይነሳም። እስከ ከሰዓት ደወለች። የሰውዬውን ስም አልጠየቀችም፤ የት ሆኖ እንደሚደውል አልጠየቀችም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ሰው ደወለ። ይኼኛው ስሙን ተናገረ፣ ክፍለ ጦሩን ተናገረ፣ የአቤኔዘር የቅርብ ጓደኛ እንደነበረ ተናገረ። «ቁጥሩን እሱ ራሱ ነበር የሰጠኝ፤ እስካሁን ድፍረቱ አልነበረኝም» አላት። «ጦርነቱ የጀመረ ቀን ነው። ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

ሆሳዕና «አመሰግናለሁ» አለችና ዘጋችው። ከዚያ በሞርሳው፣ በብረት መያዣው፣ አስራው የነበረውን ዕቃ ብሎኑን አጥብቃ ጨረሰች። ለምን አመሰግናለሁ እንዳለች፣ ለምንስ ሥራዋን እንደጨረሰች እስከ ዛሬ አልገባትም። ስሙን የተናገረውን ማመን ነበረባት፤ ያመነችው ግን ስሙን ያልተናገረውን ነው። ደግሞ ያመነችው ስለፈለገች ብቻ እንዳይሆን ፈራች።

አባቷ በየሁለት፣ በየሦስት ሳምንቱ ይደውላሉ። ግንቦት ላይ ሲደውሉ የመጀመሪያውን ነገረቻቸው።

«ማን ነው የደወለው?»

«ስሙን አልነገረኝም።»

«የየት አገር ሰው ይመስላል? አነጋገሩ?»

«አላስተዋልኩም፣ አባ።»

«እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ አይረሳም ነበር» አሉ ጋሽ ሀብቴ ቀስ ብለው። ሁለተኛውን ስልክ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ደወሉ። ከሰኔ በኋላ ስልካቸው አልሠራም።

በሐምሌ አጋማሽ፣ ዝናብ ሲያካፋ፣ ከድጄ ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ጥላ ከአጥሩ ወዲያ ተጣራች። «ፋንቱ! ነይ ውጪ። አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ ነይ።» እትዬ ፋንቱ ወደ በሩ ሲሄዱ አቤኔዘር ከባጃጅ እየወረደ ነበር። ጃኬቱ የሌላ ሰው ነው፣ ይሰፋዋል። ግራ እግሩን ይጎትታል። እናቱ አልጮኹም። ቀርበው ሁለት ጆሮዎቹን ያዙ፣ ልጅ ሳለ እንደሚይዙት፣ እንዲያው እንደያዙት ቆሙ። ሆሳዕና ዘይት የነካው እጇን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ማቀፍ ፈልጋ ጃኬቱን እንዳላቆሽሽበት ብላ ወደኋላ አለች። ያን ጊዜ ስለ ጃኬት ማሰቧ አሁንም ያሳፍራታል።

ከድጄ «አልሐምዱሊላህ» እያለች እንባዋን ጠረገች፣ ሰዎቹን ለብቻቸው ትታም ሄደች። ልጁ ተማርኮ ቆይቶ ከተለቀቀ በኋላ ሆስፒታል ሰንብቶ ነበር የመጣው። ቤት ገብቶ ተቀምጦ ዙሪያውን ካየ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀው «አባስ?» ብሎ ነው።

ሆሳዕና ናት የመለሰችው። «አንተን ሊፈልግ ሄዷል።»

እትዬ ፋንቱ ዞር ብለው አዩአት። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ራሱ ነግሮኝ። ለአንቺ እንዳልነግርሽ ብሎኝ ነው።»

እናቷ ቁጭ አሉ። «እኔ እኮ ነኝ ሂድ ያልኩት» አሉ። «ሂድና አምጣልኝ፣ ሳትይዘው እንዳትመጣ አልኩት። ለአንቺ እንዳይነግርሽ ለመንኩት፤ ልጅ ናት፣ ተስፋ አድርጋ ትጎዳለች ብዬ።»

ስምንት ወር ሙሉ በአንድ ገበታ እየበሉ አንዱን ምስጢር ሁለቱ ሲደባበቁት ኖረዋል። ሆሳዕና የቱ እንዳበሳጫት ለይታ መናገር አልቻለችም፤ የእናቷ ዝምታ፣ የአባቷ፣ ወይስ የራሷ።

ልጁ ተገኘ፣ ፈላጊው ጠፋ። ለጋሽ ሀብቴ በየቀኑ ደወሉ። እትዬ ፋንቱ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄዱ፤ «ይጠብቁ» ተባሉ። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ እንደገና ተነሳ። ጥቅምት 2015 ላይ ሰላም ተፈረመ ተባለ። የሰፈሩ ሰው «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሲላቸው ምን ብለው እንደሚመልሱ አያውቁም ነበር። አቤኔዘር እንደሆነ መሬት ላይ ነው የሚተኛው፤ እናቱ ሲያጥቡት የኖሩትን አንሶላ አልነካውም። ስልክ ሲጮህ ከክፍሉ ይወጣል፣ በእጁም አይዝም። ቀን ቀን አጥሩን ይጠግናል፤ የጠገነውንም ያፈርስና እንደገና ይጠግናል። ሆሳዕና «ና፣ ፓምፕ አብረን እንሥራ» ስትለው «ድምፁ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ወንድሜ መጣ ትላለች ለሰው፤ ግን የመጣው ሰው እሑድ እሑድ ይደውል የነበረው ይሁን አይሁን እርግጠኛ አልነበረችም።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። አቤኔዘር አጥሩ አጠገብ ስለነበረ እሱ ከፈተ። የቆመው ሰው አርባ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ትንሽ ቦርሳ ይዟል፣ ባርኔጣውን አውልቋል።

«የጋሽ ሀብቴ ቤት ነው?»

«ነው።»

«ገሠሠ እባላለሁ፣ ከወልቂጤ ነው የመጣሁት። ከእሳቸው ጋር አንድ ጋራዥ ነበርን።» ሰውየው ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ አቤኔዘርን ካየ በኋላ «ወንድም አለው አላሉኝም ነበር። የሟቹ ወንድም ነህ?» አለው።

«ሟቹ ማን ነው?»

«አቤኔዘር።»

ሆሳዕና ከቆርቆሮዋ ክፍል ሆና ሁሉንም ትሰማ ነበር። ወንድሟ ምን እንደሚል ጠበቀች። አቤኔዘር በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና «ግባ» አለው፣ «እኔ ነኝ።»

ገሠሠ አልገባም። የበሩን እንጨት ይዞ ቆመ። እትዬ ፋንቱ ወጡ፤ ከቦርሳው ያወጣውን የጋሽ ሀብቴን ደብዳቤ ከእጁ ተቀበሉ፣ ማንበብ ስላልቻሉ ለሆሳዕና ሰጧት። ሆሳዕና የአባቷን ጽሕፈት ታውቀዋለች፤ የጥገና ወረቀት ላይ የሚጽፉት ያው ጽሕፈት ነው።

«ፋንቱ» ይላል። «አምጣልኝ ያልሽኝን ልጅ ማምጣት አልቻልኩም። ጓደኛው የነበረ ልጅ አግኝቼ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ ብሎኛል። ሆሳዕና የነገረችኝ ስልክ የአታላይ ነው፣ አትፍረጂባት። ሳትይዘው አትምጣ ስላልሽኝ መምጣት አቅቶኛል። ሰው ሲሞት የሚባለውን ማለትም አቅቶኛል፤ አንቺ በይልኝ። ለእህቴ ለውድነሽም መልእክት ልኬባታለሁ። ልቅሶ ተቀመጡ።»

አቤኔዘር ደብዳቤውን ከእጇ ወስዶ ራሱ አነበበው። መልሶም አጣጥፎ ሰጣት።

«አሁን የት ነው ያለው?» አለች ሆሳዕና።

ገሠሠ መሬት መሬቱን አየ። «ወልቂጤ። የወንድሜ ጋራዥ ውስጥ። ከተሰናበትን ሁለት ወር ሆነን። ቤትዎ ይሂዱ ብንላቸው እሺ አላሉም።»

ሁለት ወር። ከተራራው ወዲያ፣ በሚኒባስ ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ።

እትዬ ፋንቱ ነጠላቸውን ለበሱ፣ መልሰው አወለቁ። «እኔን ሲያይ ይብስበታል» አሉ። አቤኔዘር መኪና ውስጥ ከተቀመጠ ያልበዋል፤ ከመጣ ጀምሮ ከሰፈሩ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ በማግስቱ ከቤተሰቡ ሆሳዕና ብቻ ከገሠሠ ጋር ሄደች። ሚኒባሱ ተራራውን ወጥቶ፣ በእንሰቱ መሃል አልፎ፣ በጉብርዬ በኩል ወልቂጤ አስገባቸው። መንገድ ላይ ገሠሠ ሁለት ጊዜ «እውነት እሱ ራሱ ነው?» ብሎ ጠየቃት። ሁለት ጊዜ «አዎ» አለችው፤ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ድምፅዋ ቀነሰ።

ጋራዡ ከጅማው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ጋሽ ሀብቴ አይሱዙ ሥር ተኝተው ነበር፤ የወጣው እግራቸው ብቻ ነው። ጫማቸውን አላወቀችውም፤ ካልሲያቸውን ግን አወቀችው።

«አባ።»

እግሩ አልተንቀሳቀሰም። ቆይተው ወጡ። ሪዛቸው ነጭ ሆኗል። ቆመው አዩዋት። «እናትሽ ላከችሽ?» አሉ። «ምን አለች? ተናገሪ፣ ያለችውን ሁሉ እሰማለሁ።»

«አቤኔዘር ቤት ነው። ሐምሌ ነው የመጣው።»

ጋሽ ሀብቴ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ በጣም ቀስ ብለው፣ ጣት በጣት። «አትዋሺኝ፣ ልጄ» አሉ። «ወደ ቤት ልትመልሺኝ ብለሽ እንደሆነ እመጣለሁ። እንዲህ ግን አትበይኝ።»

«በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ጋሼ» አለ ገሠሠ። «በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው።»

«አንተ መቼ ታውቀውና?»

እውነታቸውን ነበር፤ ገሠሠ ልጁን ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። ሆሳዕና ለእናቷ ደወለችና «ስልኩን ለአቤኔ ስጪው» አለች። ሲንኮሻኮሽ ተሰማ፣ እናቷ ሲለምኑ ተሰማ። ስልኩን በአባቷ ጆሮ ላይ ያዘች። ጋሽ ሀብቴ ለረጅም ጊዜ የሚተነፍስ ሰው ብቻ ነበር የሚሰሙት።

ከዚያ «አባ» የሚል መጣ። «አባ፣ ነኝ።»

ጋሽ ሀብቴ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ስልኩ ሲዘጋ «ድምፁ ወፍሯል» አሉ። ቆይተው ደግሞ «የሱ ድምፅ እንዲህ አልነበረም» አሉ። ሆሳዕና ምን ብላ ታስረዳቸው? እሷም በልቧ የምትለው ይህንኑ ነበር። ቢሆንም ቱታቸውን አውልቀው እጃቸውን ታጥበው ተከተሏት።

ቡታጅራ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። የሰፈሩን መንገድ ሲጀምሩ ልቅሶ ተሰማ። ከነሱ ግቢ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ በጉራጊኛ ያለቅሳሉ። ጋሽ ሀብቴ በሩ ላይ ቀጥ አሉ። ወደ ሆሳዕና ዞሩ፤ አልተቆጡም፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ከቁጣ የባሰ ነበር።

«ብዬሽ ነበር» አሉ።

ሆሳዕና ለቅጽበት እሷም ተጠራጠረች። ጠዋት ትታው የሄደችው ወንድሟ እሷ በሌለችበት ሞቶ ይሆን? ወይስ ከመጀመሪያውም አልመጣም ነበር፣ ወራቱን ሁሉ እሷ ናት ያለመችው? ይህን ስትነግረኝ «እውነቴን ነው የምልህ፣ ቲቸር፣ ለዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበር» አለችኝ።

ያኔ አቤኔዘር ግራ እግሩን እየጎተተ ከቤት ወጣ፤ በአንድ እጁ የውሃ ጆግ፣ በሌላው ብርጭቆ ይዟል። ለልቅሶ ለመጡት ሰዎች ውሃ እያደለ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ሀብቴ መልእክት የላኩባት እህታቸው ውድነሽ ቸሃ ነው የምትኖረው። ዘመዱን ሁሉ ሰብስባ እዚያው ሦስት ቀን ልቅሶ ተቀምጣለች፤ ከዚያ መኪና ተከራይተው እትዬ ፋንቱን ሊያስለቅሱ መጡ። እያለቀሱ ገቡ፣ ሟቹን አጥር ሲጠግን አገኙት። ማመን አቅቷቸው ጨብጠውታል፣ ደባብሰውታል፤ ግን የተጀመረው ልቅሶ እንዲሁ አልቆም አለ። ውድነሽ የወንድሟን ልጅ አንገት አቅፋ፣ በስሙ እየጠራች፣ ለሱ ለራሱ ስታለቅስለት ቆየች። ከድጄ በበኩሏ ጎረቤቱን ጠርታ በእልልታ ገብታለች። በአንዱ ጥግ እልልታ፣ በአንዱ ጥግ ሙሾ። አንዲት አሮጊት በየተራ ሁለቱንም ያደርጉ ነበር።

አባትና ልጅ አልተቃቀፉም። ጋሽ ሀብቴ ቀስ ብለው ሄዱና እንደ እንግዳ ሰው እጃቸውን ዘረጉ። አቤኔዘር ጆጉን መሬት ላይ አስቀምጦ ጨበጣቸው። ጋሽ ሀብቴ እጁን አልለቀቁም። እትዬ ፋንቱ ከበሩ ሆነው አይተው ወደ ውስጥ ተመለሱ፤ ሆሳዕና ተከትላ ስትገባ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ፊታቸውን ከትተው ነበር።

«ለምን ሁለት ወር ቆየ?» አሉ እናቷ ዞር ሳይሉ። «እኔን ይሄን ያህል ነው የፈራኝ?»

ሆሳዕና ወጥታ መሬት ላይ የቀረውን ጆግ አነሳች።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው። ጋሽ ሀብቴ የሆነውን በሙሉ ለማንም አልተናገሩም። ስለ ሁለተኛው ስልክ ሆሳዕና በመጨረሻ ነገረቻቸው። ያ ጓደኛ ነኝ ያለው ልጅ ለሁለቱም የነገራቸው አንድ ነገር ነበር፤ አቤኔዘርም ልጁን ያውቀዋል። «አልዋሸም» አላቸው። «ወድቄ ነበር። የተነሳሁት እሱ ከሄደ በኋላ ነው።» ያኔ ነግራቸው ቢሆን ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር? አባቷ ቶሎ ይመለሱ ነበር፣ ወይስ ጭራሽ አይመለሱም? ሆሳዕና ይህን ብዙ ጊዜ ጠይቃኛለች፤ የሂሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ መልስ ያለኝ ይመስላታል።

የቆርቆሮዋ ክፍል ዛሬ የሷ ናት። አባቷ በተመለሱ በሳምንቱ ገብተው ዕቃው የተቀመጠበትን አዩ፤ እሳቸው በማያስቀምጡት ቦታ ነበር የተቀመጠው። መልሰው አልቀየሩትም። ገበሬዎቹ ሲመጡ «እሷን ጠይቁ» ይላሉ። አቤኔዘር ሞተር ሲነሳ አሁንም ይወጣል፤ ግን በሥራ ሰዓት የተፈታ ዕቃ ማጠብ ጀምሯል፣ እጁም ሥራ ይወዳል።

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤታችን የጓሮ ፓምፕ ተበላሽቶ ይዤላት ሄጄ ነበር። ግቢው ውስጥ አባትና ልጅ ይጨቃጨቃሉ፤ የዝናቡ ውሃ ወደ ጎመኑ እንዳይገባ ቦዩ በየት ይሂድ ነው ጠቡ። አንዱ በከድጄ አጥር በኩል ይላል፣ አንዱ «ተሳስተሃል፣ ወደዚያ ዳገት ነው» ይላል። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። ሆሳዕና ካንዴላ እየፈታች ነበር፤ መፍታቱን አቆመች። እትዬ ፋንቱ ከገበያ ጨርቃቸውን ተሸክመው መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ለመግባት አልቸኮሉም። ዕቃቸውን መሬት ላይ ሳያስቀምጡ፣ ጭቅጭቁ እስኪያልቅ እዚያው ቆመው ሰሙ።